አራት ጣት ለማደጊያ

ጥር 9

አለቃ፣

ካርቶንሽ ዛሬ መጣ። መስከረምን ሙሉ በር በሩን ስታዪ ያልመጣው፣ ጥቅምትም ህዳርም ያልመጣው ካርቶን ዛሬ መጣ። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ አስፈረመኝና፣ "ከውጭ ነው፤ እንግዲህ ትዘንጣላችሁ" ብሎኝ ሄደ። ምን ያውቃል እሱ። እኔ ግን ድንጋይ አንስቼ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ነበር። አልወረወርኩትም። ደስ ይበልሽ።

እማዬ ከስፌት ፋብሪካ ገብታ ስታየው፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ በእግሯ ገፍታ አልጋሽ ስር ከተተችው። ከዚያ ጫማዋን ልትፈታ ጎንበስ አለችና እዚያው እንደጎነበሰች ቀረች። እኔ መልሼ አወጣሁት። "እኔ ሳልኖር ካርቶን አይከፈትም" የሚለውን ሕግሽን ረስቼው አይደለም። ሕግ የምታወጣ ሰው እቤቷ ትገኝ።

ከሁሉም በላይ ቢጫው ኮት ነበር። ኮፍያ ያለው፣ ቁልፎቹ የጠርሙስ ክዳን የሚያህሉት። የአክስታችን ልጅ ለብሳው የተነሳችውን ፎቶ ትራስሽ ስር ያሳደርሽለት ያው ኮት። ከስሩ ሁለት ሹራብ፣ ጫማ፣ በላስቲክ የታሰረ የሥዕል መገጣጠሚያ ነበር።

ያ ሁሉ የተመረጠው በክርሽ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ እማዬ በሩ አጠገብ አቁማሽ ከፋብሪካ ባመጣችው ቀይ ክር ትለካሽ ነበር። ራስሽ ላይ የላይኛውን ጫፍ እሷ ትይዛለች፤ ወለሉ ላይ የታችኛውን እኔ። አንድ ቋጠሮ ለትከሻ፣ አንድ ለወገብ፣ በመጨረሻ አራት ጣት ለማደጊያ ትጨምርና በጥርሷ ትበጥሰዋለች። ክሩ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። አክስታችን ወለሏ ላይ ዘርግታ፣ ልጇን ካጠሯት ልብሶች ውስጥ ክሩ የሚደርስባቸውን ትልክልሻለች። ሁልጊዜ ይሰፋሽ ነበር። ሳጥንሽ ውስጥ ግማሹ ያጠረሽ ነው፤ ግማሹ ገና ያልደረስሽበት ቀሚስና ጫማ።

ደብዳቤም ነበረው። ላንቺ ስለሆነ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ። አንብቢና አንቺም ተናደጂ።

ጥቅምት 28

ለክብርት አለቃ፣ ለእህቴና ለዚያ ረጅም ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔና ልጄ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እዚያው ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነኝ። ሳሙናው እጄን ከመላጡ በቀር የሚወራ ችግር የለኝም።

አለቃዬ፣ ዘንድሮ ክርሽን ሁለት ጊዜ ለካሁት። ምን እየበላሽ ነው? በአንድ ዓመት አንድ ስንዝር ይታደጋል? ልጄ "ልትደርስብኝ ነው" ብላ ደንግጣ ግድግዳ ተደግፋ ተለካች። ያማረሽን ኮት ይኸው ልኬልሻለሁ። እንደዘገየሁ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ስታድጊ እነግርሻለሁ። አንቺም ያጠረሽን ልብስና የማትጫወቺበትን አሻንጉሊት ላጡ ልጆች አውጪ። አለቃ መሆን እንዲህ ነው።

ዕድሜና ሴንቲሜትር ይስጥሽ።

አክስትሽ

ጥር 11

ለአክስቴ፣

ሰላምታ ይድረስዎ። ጤናችን እንዴት እንደሆነ ስለሚያውቁ አልጽፍም።

ከዛሬ ጀምሮ "እርስዎ" ልበልዎ። "አንቺ" የምለው ቅርቤ ላለ ሰው ነው። በስልክ ያልነገርኩዎት ስልኩ የእማዬ፣ ቤቱም አንድ ክፍል ስለሆነ ነው። እሷ ባለችበት እንዲህ መናገር አልችልም።

ካርቶንዎ ደርሷል። እህቴ በተቀበረች በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ደርሷል። በየዓመቱ ትምህርት ሳይከፈት ይደርስ ነበር። ዘንድሮ ግን መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ገባ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት አርባ ደቂቃ እንሄዳለን፤ እሷ ስትቆም ስትነጋገር ሃምሳ። የለበሰችው የዛሬ አራት ዓመት የላኩት አረንጓዴ ሹራብ ነበር። እጅጌው ክርኗ ላይ ያበቃል። እማዬ ሌላ ልግዛልሽ ስትላት "ካርቶኔ እየመጣ ነው" አለች። ህዳር አጋማሽ ላይ ማሳል ጀመረች። በታህሳስ መጀመሪያ አልጋ ያዘች፤ ሦስተኛው ቀን አለቀ። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለ። ስለ ኮት ምንም አላለም። ሐኪሙ ግን ጠዋት ጠዋት አብሮን አልሄደም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ለምን ዘገየ?

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 6

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ፀጉርህ ይድረስህ። ፈጣሪ ለአንተም ለእህቴም መጽናናቱን ያብዛላችሁ፤ ለእኔም እንደዚያው።

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ፣ ማድረቂያ ማሽኑ ጀርባ ቆሜ አነበብኩት። "እርስዎ" ስላልከኝ አልቆጣህም። ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ይሁን።

እናትህ ስልክ አታነሳም። ካነሳችም "ደህና ነን" ብላ ትዘጋለች። እኔ የማውቃት እህቴ አንድ ሰዓት የምታወራ፣ እኔን አፍ የምታስይዝ ሴት ናት። ፈርቻለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። ያንን ሳጥን ባዶ አድርጉት። እኛ ሆስፒታል ቤተሰብ ያልወሰደውን የሟች ልብስ አጥቤ የማጥፈው እኔ ነኝ። ታጥቦ ለችግረኛ ይሄዳል። ሊወስዱት መጥተው፣ ከፍተው ሳይጨርሱ ወለሉ ላይ የሚወድቁ እናቶች አይቻለሁ። እህቴ ያንን ሳጥን አጠገቧ አድርጋ እየተኛች በደህና አትነሳም። በዙሪያችሁ ስንት ልጅ ብርድ ይመታዋል። ልብሱም መጫወቻውም እነሱ ጋ ይሂድ፤ ቢጫው ኮትም ጭምር።

ከእናትህ ጋር ቁልፍ የምትሰፋ፣ የሦስት ልጆች እናት አለች አይደል? እሷን በስልክ ላናግራት ነው። አንተ ትምህርትህን ብቻ ያዝ።

አክስትህ

የካቲት 20

ለአክስቴ፣

ሰላምታ ይድረስዎ።

ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ሴትዮዋ ደርሳለች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስገባ የአለቃ መደርደሪያ ባዶ ነበር። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ማን እንደመጣ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ምን እንደሰጠቻት ስጠይቃት "የጠየቀችኝን" አለች። በዚህ ሰሞን አንድ ሰው ገብቶ ጣሪያውን ቢጠይቃት መሰላል አቅርባ ትሰጠዋለች። ይህን ስለሚያውቁ ነው እኔ የማልኖርበትን ሰዓት የመረጡት?

ሳጥኑ የተቆለፈ ስለሆነ፣ ቁልፉም እኔ ኪስ ስላለ ልብሱ ተርፏል። የተወሰደው መጫወቻው ነው። አሻንጉሊቶቹ፣ መዝለያ ገመዱ፣ መኪናው። ሮጥኩ። ሴትዮዋ ከጋራዡ በስተጀርባ ነው የምትኖረው። ትንሹ ልጇ ደጅ ላይ ተንበርክኮ መኪናውን ይነዳል። ያን መኪና ያውቁታል፤ የግራ የፊት ጎማው የወለቀው። አለቃ ከግድግዳ ጋር ስታጋጨው ነው የወለቀ፤ ከዚያ በኋላ "ይህ መኪና ወደ ግራ እንዳይታጠፍ ተከልክሏል" ብላ ሕግ አወጣችለት። ከልጁ እጅ መነጨቅሁት።

እናትየዋ ልብስ እያጠበች ነበር። እስከ ክርኗ አረፋ እንደሆነች ብድግ አለች። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ገብታ ከረጢቱን አወጣችና እግሬ ስር አስቀመጠችው።

"ውሰድ" አለች። "ሁሉንም ቆጥረህ ውሰድ። እኛ ተጠርተን ነው የመጣነው፤ ለምነን አይደለም። የሞተ ልጅ መጫወቻ ለልጆቼ ሳስገባ እኔ ደስ ያለኝ መሰለህ? እናትህን እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው።"

ልጁ አላለቀሰም። መኪናውን እየጠቆመ "ወደ ግራ አይሄድም፣ ታውቃለህ?" አለኝ። ሊመክረኝ ነው። በአንድ ከሰዓት ደርሶበታል።

መኪናውን መለስኩለት። ከረጢቱን ተሸክሜ በሰው ፊት ወደ ቤት ተመለስኩ። ይኸው በእርስዎ ምክንያት ከአራት ዓመት ልጅ ላይ መጫወቻ የምቀማ ሰው ሆኛለሁ።

ልብሱ የልጅዎ ስለነበር የሚያዙበት መስሎዎት እንደሆነ ልንገርዎ። ከልጅዎ የተረፈ ሹራብ ነው የላኩት። ክርኑን የበሳችው፣ ኪሱን በጠመኔ የሞላችው፣ አንገትጌውን የምታኝከው ግን እህቴ ናት። ቢጫው ኮት ላይ ደግሞ የልጅዎ ስም የተጻፈባት ጨርቅ እንደተሰፋች ናት። ሌላ ጊዜ እማዬ በምላጭ ትፈታው ነበር። ዘንድሮ አልነካችውም።

ማንም አይወስደውም። ሳጥኑንም ማንም አይከፍተውም። እርስዎም ሰው አይላኩ።

ጥያቄዬንም አልመለሱም። ለምን ዘገየ?

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 30

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ረጅም ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ሴትዮዋን ሳላማክርህ መጥራቴ ጥፋት ነው። ሰዓቱን ግን አልመረጥኩም፤ ያን ያህል ክፉ አይደለሁም። ከዚህ ሆኜ ምንም ማድረግ ስላልቻልኩ፣ የምችላት አንዲት ነገር ስልክ መደወል ስለነበረች ደወልኩ።

ሁለት ጊዜ ጠይቀኸኛል። ዝም ያልኩት ንቄህ አይደለም። መልሱ ለማንም የማይጠቅም መስሎኝ ነው። አሁን ግን ዝምታዬ ውሸት ሆነ።

ክሩ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ደረሰኝ። እንደ ወትሮው ልጄን ያጠሯትን አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኩ። ሦስት ኮት ነበረኝ፤ ሦስቱም ከክሩ አጠሩ። ክሩ የሚደርስበት ቢጫው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ልጄ ገና ትለብሰዋለች። አለቃም ቢጫውን እንደምትፈልግ ራሷ በትልልቅ ፊደል ጽፋልኝ ነበር። እንግዲህ ለልጄ ሌላ እስኪገዛ ልጠብቅ አልኩ። ሹራቦቹን አስቀድሜ ለመላክ አስቤም ነበር። ከዚያ "ሁሉም አንድ ላይ ይሂድ" ብዬ ተውኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ በዞረ ቁጥር ይህን ስል እሰማዋለሁ።

ያጠሩት ሦስቱ ኮቶች አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አሉ። አንዱ ቀይ ነው፤ ወፍራም፣ ገበር ያለው። ለማንም መስጠት አልቻልኩም። አንተን ሳጥን አራግፍ ያልኩ ሴትዮ እኔ ነኝ እንግዲህ።

ክሩን መልሼልሃለሁ። እኔ ጋ መሆን የለበትም። አንድ ነገር ልለምንህ፤ እምቢ ብትለኝም አልቀየምህም። ያ እጅጌው ክርኗ ላይ የሚያበቃውን ሹራብ ላክልኝ። ሳይታጠብ።

አክስትህ

ግንቦት 12

አክስቴ፣

እንዴት ነሽ? እጅሽን ተሻለሽ? ይህ ደብዳቤ የዘገየው በፖስታ ቤት አይደለም፤ በእኔ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ክሩን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። የሒሳብ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት ሰጥቼ ወጣሁ።

ክሩ ልክ አልነበረም።

ያን ቀን እንደተለመደው እማዬ ከላይ፣ እኔ ከታች ነበርን። አለቃ ረጅሙን ቀሚሷን ለብሳለች፤ ለካ አስባበት ነው። እማዬ "ቀጥ በይ" ስትላት ተረከዟ ከወለሉ ተነሳ። በእግር ጣቶቿ ቆመች። ያንን ማየት የሚችለው የታችኛውን ጫፍ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን አፍጥጣ ተመለከተችኝ፤ "ትንፍሽ ብትል ወየውልህ" ማለቷ ነው። ቢጫው ትልቅ መሆኑን ታውቃለች፤ አጭር ሆና ከተለካች አጭር ኮት እንደሚመጣላትም ታውቃለች። ክሩን ወለሉ ላይ አጥብቄ ያዝኩላት። እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ፣ እኔ ሳቄን አፍኜ። አንቺን ለምን ዘገየሽ እያልኩ ስሰድብ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ክሩን እማዬ ጭን ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ክሩን በጣቷ ስባ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

"እኔ በቀን ሁለት መቶ ሱሪ በዓይኔ የምለካ ሴትዮ ነኝ" አለች። "በእግር ጣቷ የቆመች ልጅ ትከሻዋ ጆሮዋ ስር ይደርሳል። ያላየሁ መሰለህ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሁለት ዓመት ይቆያታል ብዬ።" ከዚያ የክሩን ጫፍ በአራት ጣቷ ለክታ፣ "አራቱን ጣትም ጨመርኩበት" አለች።

ካርቶኑ አሁንም አልጋው አጠገብ ነበር። ተነሳችና በእርግጫ መታችው። ደገመችው። እኔም መታሁት። ተራ በተራ እስኪቀደድ ድረስ መታነው። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፤ እማዬ በእኔ ላይ የመጣባትን ቁጣ ሁሉ በእሱ ላይ ጮኸችበት። ካርቶኑ አለቀለት። ኮቱ ምንም አልሆነም።

"ኮት አይደለም የገደላት" አለችኝ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ቁጭ ብላ። "ሐኪሙ የነገረኝን ነግሬሃለሁ።" አምናበት ይሁን ለእኔ ብላ አላውቅም። አላመንኳት፤ እሷም እንዳላመንኳት ታውቃለች።

አክስቴ፣ አሁንም ተናድጃለሁ። በአንቺ ላይ ብቻ የነበረውን ለሦስት ብናካፍለውም ለያንዳንዳችን የሚተርፍ ነው። ግን ሳጥኑን ከፈትነው። ያጠሯትን ልብሶችና ከረጢቱን ይዘን፣ እማዬና እኔ፣ ከጋራዡ በስተጀርባ ሄድን። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ አንዳንዱን ወሰደች፣ አንዳንዱን "ይህ ለእኔ ልጆች አይሆንም" ብላ መለሰች፤ ቡና ቀለም ያለው ሱሪ አስጠላት። እማዬ ስትከራከራት የፋብሪካውን ወሬ አነሱ፤ ግማሽ ሰዓት አወሩ። እማዬን ስታወራ ከሰማኋት አምስት ወር ሆኖኛል።

ሹራቡን ልኬልሻለሁ። አልታጠበም። ኪሱ ውስጥ ያለው ጠመኔ ነው፤ እንዳታራግፊው። ቀዩን ኮት ለአንዲት ልጅ ስጫት። እዚያም ብርድ አለ አይደል።

የእህትሽ ልጅ

ግንቦት 20

አለቃ፣

ቢጫው ኮትሽ ሄደ። አትጩሂ፣ ልንገርሽ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ጋሼ ዘበኛ የልጅ ልጅ ያሳድግ የለ? ሁለተኛ ክፍል ያለችውን፣ "ይህች ቀጭኔ" እያልሽ የምትቀኚባትን። ትናንት ከትምህርት በኋላ ክርሽን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ከላይ ያዘ፤ እኔ እንደ ልማዴ ከታች። ተረከዟ ወለሉ ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየሁ። የወገቡ ቋጠሮ ወገቧ ላይ፣ የትከሻው ትከሻዋ ላይ ዋለ። አራቷ ጣት ደግሞ ትርፍ። በአንቺ ላይ ውሸት የነበረችው ክር እሷ ላይ እውነት ሆና አረፈች። ተናደድኩ። ይህን ያህል ልክ የሆነላት አንቺ ስላልሆንሽ ተናደድኩ። ከዚያ የአክስታችን ልጅ ስም ያለባትን ጨርቅ በምላጭ ፈታሁላት፤ እማዬ እንደምታደርገው፣ ኮቱን ሳልነካ ስፌቱን ብቻ እየቆረጥኩ። ለበሰችውና ምንም ሳትለኝ ሮጠች። ምስጋና አልጠበቅሁም። አንቺም አመስግነሽ አታውቂም፤ ትፈትሺ ነበር እንጂ።

ጋሼ አንድ ነገር ጠየቀኝ። "ያን ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?" አለ። አልመለስኩለትም። ላንቺ ግን ልመልስልሽ።

ከቀብሩ በኋላ መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤት የተመለስኩበት ጠዋት ነው። በተለመደው ሰዓት ወጣሁ። መንገዱን የሄድኩት መኪና በሚያልፍበት በኩል ነው፤ የውስጡን ለአንቺ ትቼ። ቦዩ ጋ ስደርስ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ፤ ከዚያ ሰው አይቶኝ ይሆን ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ብቻዬን ስለሆንኩ በሃያ አምስት ደቂቃ ደረስኩ። በሕይወቴ እንዲህ ቀድሜ ደርሼ አላውቅም። አንቺ ነበርሽ የምታስረፍጂኝ።

ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ፈቃድ ላይ ነበር፤ ምንም አልሰማም። እኔን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ የዩኒፎርሙን የላይኛውን ቁልፍ እንደ ሁልጊዜው ሆን ብሎ ፈታ፤ አንቺ መጥተሽ "ቁልፍህ!" እንድትዪው። ከኋላዬ ፈለገሽ።

"አለቃስ?" አለኝ።

"አርፍዳለች" አልኩት።

ሳቀ። "በእኔ ጣለው፤ ለእሷ በሩን አልዘጋም" አለ።

ገባሁ። ሁለት ክፍለ ጊዜ በመስኮቱ በሩን ሳይ ዋልኩ። ደወል ተደውሎ፣ ያረፈዱት ሁሉ ገብተው፣ ጋሼ አልዘጋውም። ርዕሰ መምህሩ መጥቶ ተቆጣው። አንገቱን ነቅንቆ ወደ መንገዱ አሻግሮ አየና ክፍቱን ተወው። የዩኒፎርሙ ቁልፍ እንደተፈታ ነበር።

እረፍት ሲደወል ወጣሁ። ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ሁለቱን የበሩን ክንፎች በየተራ ገፋኋቸው፤ ከባድ ናቸው፣ ሲጢጥ ይላሉ፤ መቀርቀሪያውን አስገባሁት። ዞር ስል ጋሼ የዩኒፎርሙን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር። ጣቶቹ እምቢ እያሉት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። እስኪጨርስ ጠብቄው ወደ ክፍል ገባሁ።